ጫማው ያደርስሻል

ጎህ ሲቀድ ጫማው ሙባረክን ያስነሳዋል። መጀመሪያ ጣቶቹን ቀስ አድርጎ ይጨብጣቸዋል፤ ቀጥሎ ቁርጭምጭሚቱን ያሞቀዋል። ሙባረክ ዓይኑን ይገልጣል፣ እግሮቹ ከአልጋው ይወርዳሉ፣ ይቆማል። ከመኝታ ቤት ወደ መታጠቢያ፣ ከመታጠቢያ ወደ ሳሎን፣ ከዚያ ወደ ቁርስ ወንበሩ። ሚስቱ ነጃት ከአልጋው ማዶ ጋደም እንዳለች ታየዋለች። አንድ ቀን እንኳ የበሩ መቃን ነክቶት አያውቅም። አንድ ቀን እንኳ ዞር ብሎ አይቷት አያውቅም።

ከቁርስ በኋላ የሰፈሩ አዛውንቶች በሙሉ ይወጣሉ። በየግቢው በሩ በአንድ ጊዜ ይከፈታል፤ ሽማግሌዎቹም በአንድ ዓይነት ፍጥነት፣ አንዱ ከሌላው ሳይጋጭ፣ ለስላሳውን ንጣፍ ይዘው ወደ ቦርከና ወንዝ ድልድይ ይወርዳሉ። ሰላምታ የለም፤ ጫማው ሰላምታ ላይ አይቆምም። ባለሱቆች ዕቃቸውን ከመንገዱ ገለል አድርገው ያሳልፏቸዋል። ወንዙ ዳር ካሉት አግዳሚ ወንበሮች ላይ ትንሽ ያርፋሉ፤ ከዚያ ጫማው ያስነሳቸውና ወደየቤታቸው ይመልሳቸዋል። ኮምቦልቻ ውስጥ የጠፋ ሽማግሌ፣ መኪና የገጨው ሽማግሌ፣ ወድቆ ዳሌው የተሰበረ ሽማግሌ ከተሰማ ዓመታት አልፈዋል።

ዓርብ ዓርብ ሙባረክ የሚሰግደው ከመስጊዱ በረንዳ ላይ ነው። ሌላው ሰው ጫማውን በር ላይ አውልቆ ይገባል። እንደ ሙባረክ መሪ ጫማ ያደረጉት ግን ማውለቅ ስለማይፈቀድላቸው ኢማሙ ለሕመምተኛ ይቻላል ብለው እዚያው በረንዳው ላይ ቦታ ሰጥተዋቸዋል፤ ለውዱእም እግራቸውን በማጠብ ፈንታ እርጥብ እጃቸውን ጫማው ላይ ያብሳሉ። መጀመሪያ ሰሞን ነጃት ይህን ስታይ ፊቷን ታዞር ነበር። በኋላ ለመደችው።

ጫማው የመጣው ሙባረክ መርሳት ሲጀምር ነው። ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ሐርቡ መንገድ ላይ ተገኘ። ሌላ ቀን ደግሞ የሰው ግቢ ገብቶ ቤቴ ነው ብሎ ተቀመጠ። ልጃቸው ሂባ ደሴ ነው የምትሠራው፤ ያን ቀን እያለቀሰች ደወለች። "እማ፣ ነገ መኪና ቢገጨውስ? እኔ እኮ ሥራ ላይ ቁጭ ብዬ ስልክ እስኪጮኽ ብቻ ነው የምጠብቀው።" ነጃት ለልጇም ለባሏም አሰበች። መሪ ጫማውን የሚያድለው የእርምጃ ጽሕፈት ቤት ሰዎች መጡ፤ አውራ ጣቷን ጫማው ላይ አስነክተው ጠባቂ አደረጓት፤ ሂባም ከዚያ ወዲህ አባቷ ያለበትን ቦታ የሚያሳየውን ነጥብ በስልኳ እያየች ሥራዋን በሰላም ትሠራለች።

የሚገርመው፣ ነጃት ከባሏ አካል መጀመሪያ ያወቀችው እግሩን ነው። በወጣትነቷ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የአትሌቲክስ ክለብ ወጌሻ ነበረች። ሙባረክ አምስት ሺህ ሜትር ይሮጥ ነበር። በአገር ደረጃ ስሙ ተነስቶ አያውቅም፤ ከሦስተኛ በላይም አልወጣም። ግን ጓደኞቹ ልምምድ ጨርሰው ሲሄዱ እሱ ጫማውን አውልቆ ሣሩ ላይ ብቻውን ይዞራል። ለምን እንደሆነ ጠየቀችው። "በጫማ ስሮጥ የት እንዳለሁ አላውቅም" አላት። እንዲህ ያለ መልስ ከሯጭ ሰምታ አታውቅም ነበር። በዓመቱ ተጋቡ። በኋላ የሩጫው ጫማ ራሱ መሮጥ ሲጀምር ውድድሩ የጫማ ሠሪዎች ሆነ፤ ክለቡ ተዘጋ፤ እሷም ክሊኒክ ሥራ ገባች፣ እሱም የፋብሪካው መጋዘን ውስጥ አረጀ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ጠዋት የቀኝ እግሩ ጫማ ዝም አለ። ከጽሕፈት ቤቱ አንድ ትሑት ጎልማሳ መጥቶ ሁለቱንም አወለቀና "እትዬ፣ ሌላ ይዤ እስክመጣ አልጋ ላይ ይቆዩልኝ። መሬት እንዳያስረግጧቸው" ብሎ ሄደ። ነጃት ሻይ ልታመጣ ወጥታ ስትመለስ ሙባረክ ከአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል፤ ሁለቱም እግሮቹ ሲሚንቶው ላይ ናቸው። ጣቶቹን አንዴ ይዘረጋል፣ አንዴ ያጥፋል።

"ይቀዘቅዛል" አለ።

ነጃት ብርጭቆውን እንደያዘች ቆመች።

"ነጃት፣ ይሄ ቤት ምንጣፍ የለውም እንዴ?"

ስሟን ከአፉ ከሰማች ብዙ ጊዜ ሆኗታል። ቁጭ ብላ እግሩን በእጆቿ ያዘችው። እንደ ሕፃን እግር ነጥቷል፤ ቆዳው ሳስቷል፤ ጣቶቹ እርስ በርሳቸው ተጣብቀዋል። እሱ ደግሞ ከላይ ሆኖ አያትና "ምን ያስለቅስሻል?" አላት። ሰውየው አዲሱን ጫማ ይዞ እስኪመለስ ድረስ እንዲህ ሲያወሩ ቆዩ። ጫማው ከገባ በኋላ ሙባረክ ተነስቶ ወደ ወንበሩ ሄደ።

እግሩ መሬት ስለነካ ይሆን ያወቀኝ ብላ የሙባረክን ሐኪም ጠየቀችው። "አጋጣሚ ነው፣ እትዬ ነጃት" አላት በደግነት። "እንዲህ ያለው ነገር ይመጣል፣ ይሄዳል። ተስፋ አድርገው እንዳይጎዱ።" ራሷን ነቅንቃ ወጣች።

ግን እንቅልፍ አልወስድ አላት። ጫማውን ለመፍታት የእሷ ጣት ይበቃል። ችግሩ ባዶውን ከቆየ ወደ ጽሕፈት ቤቱም ወደ ሂባም ይጮኻል። ሞቃት እግር ይፈልጋል። ከቀትር በኋላ፣ ጫማው በሚያርፍበት ሰዓት፣ ሙባረክን አጠገቧ አስቀምጣ ፈታችው፤ ወዲያው የራሷን እግር አስገባች። ጫማው በባሏ ሙቀት ሞቋል። ትንሽ ሰፋት፤ ከዚያ ራሱን ጠበብ አድርጎ ልክ ሆነላት። ጠበቀች። ምንም አልጮኸም።

እንዲህ ጀመሩ።

ወጌሻ ነበረችና መቸኮል ምን እንደሚያመጣ ታውቃለች። መጀመሪያ የሳሎኑ ሲሚንቶ። ከዚያ የቧንቧው ሥር ያለው እርጥብ አፈር። ጠጠሩ ላይ ያወጣችው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። እሷ የሱን ጫማ አድርጋ ወንበር ላይ እንደተቀመጠች በቃል ትመራዋለች።

"ዛሬ ይብቃህ።"

"ትንሽ ልጨምር።"

"ነገ ትጨምራለህ። ባትህ አላመመህም?"

"አሞኛል። ደስ የሚል ሕመም ነው።"

ማታ ማታ ባቱን በሰሊጥ ዘይት ታሸዋለች። ቀስ በቀስ የእግሩ ቆዳ ወፈረ፤ ጣቶቹ ተላቀቁ። አንድ ቀን ዝም ብሎ ሲራመድ ቆይቶ ድንገት ሶምሶማ ጀመረ፤ ግቢዋን እየዞረ፣ አጭር አጭር እየረገጠ።

"ተረከዝህን አታስቀድም! በጣቶችህ በኩል ርገጥ!"

"አንቺ ደግሞ ሩጫ ልታስተምሪኝ ነው?" ብሎ ሳቀባት።

ሁሉም ቀን እንዲህ አልነበረም። ዝም የሚልበት ቀን አለ። ከሞተች በቆየች እህቱ ስም የሚጠራት ቀን አለ። አንዳንዴም ግቢው ውስጥ ቆሞ ክለቡ ለምን እንደዘገየ ይጠይቃል። ግን ዓይኗን አይቶ ነው የሚጠይቃት። ነጃት ይህን ከምንም አትለውጠውም ነበር።

ወንዙን ያነሳው ራሱ ነው። "እዚህ ግቢ እንደ በግ ከምታዞሪኝ ቦርከና ዳር ውሰጂኝ" አላት። ብዙ አሰበችበት። ለአስፋልቱ እንዲሆነው ከአሮጌ የቆዳ ቦርሳዋ ስስ ሶል ቆርጣ፣ በገመድ የሚታሰር ነጠላ ጫማ ሠራችለት። ሂባ የእናቷንም ቦታ በስልኳ ስለምታይ ነጃት የራሷን ጫማና ስልኳን እቤት ትተዋለች። የባሏን ጫማ ታደርጋለች። ጫማው ከሌሎቹ አዛውንቶች ጋር ወደ ወንዙ ይወስዳታል፤ ሙባረክ ከጎኗ ይራመዳል።

ሰው ያያቸው ነበር። የሰው ጣት፣ የሰው ተረከዝ እንዲህ በአደባባይ ማየት የቀረ ነገር ነው፤ አንዲት እናት የልጇን ዓይን በእጇ ከልላ አለፈች። ሙባረክ አላስተዋለም። ወንበሩ ጋ ሲደርሱ ነጠላ ጫማውን ፈትቶ ለነጃት ይሰጣትና ንጣፉን አልፎ አሸዋማው መንገድ ላይ ይወርዳል። እስከ ዋርካው ድረስ ሮጦ ይመለሳል። ሲመለስ ፊቱ በላብ ርሷል።

"ነጃት፣ አሸዋው ከላይ ይቀዘቅዛል፤ ጣትሽን ስትቀብሪው ግን ከሥር የትናንት ሙቀት አለው። ታውቂ ነበር?"

"አላውቅም ነበር።"

"አንቺም አውልቂና ነይ እንጂ።"

"የአንተን ጫማ ማን ያሞቀዋል?" ስትለው ቀልድ መስሎት ከት ብሎ ሳቀ።

አንድ እሁድ ሂባ ልትጠይቃቸው መጣች። አባቷ ጫማውን አድርጎ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። እናቷን አየት አድርጋ "እማ፣ ወዝሽ ተመልሷል። ምን አገኘሽ?" አለቻት። ነጃት ልትነግራት አፏን ከፈተች። ቀጥሎ ልጇ ስልኳን ስታይ፣ ነጥቡ ከቦታው መሆኑን አይታ ትከሻዋ ሲለቀቅ ተመለከተች። "ምንም። የአየሩ ነገር ነው" አለች።

የሆነው ነገር የሆነው ፀሐያማ በሆነ ተራ ጠዋት ነው። ሙባረክ እንደልማዱ ሮጠ። ዋርካው ጋ ሲደርስ አልተመለሰም።

"ሙባረክ!" አለች።

ሳይዞር እጁን አነሳላት። እርምጃው ያምር ነበር፤ ትከሻው ወርዷል፣ ጀርባው ቀጥ ብሏል፤ ነጃት ለአንድ አፍታ ሽማግሌነቱን ረሳችው። ከዚያ መንገዱ ሲታጠፍ ከዓይኗ ጠፋ።

ብድግ ልትል ስትል ጫማው ጣቶቿን ጨበጠ። የዕረፍቱ ሰዓት አልቋል። በወንዙ ዳር ሁሉ አዛውንቶቹ ከወንበራቸው ተነሱ፤ እሷም ተነሳች። ወደ አሸዋው ልትራመድ ሞከረች። ጫማው ቀስ አድርጎ ወደ ድልድዩ አዞራት። በአውራ ጣቷ ልትፈታው ጎንበስ አለች፤ በጉዞ ላይ እያለ አይፈታም። እንደዚያ የተሠራው አረጋውያኑ መንገድ መሀል እንዳያወልቁት ነው። ያኔ ራሷን ልትጥል አሰበች፤ ከወደቅኩ ሰው ይመጣልኛል አለች። ወደ ጎን ተንጋደደች። ጫማው ክብደቷን ተቀበለና ቀና አደረጋት። ዓመታት ሙሉ አንድ ሰው እንኳ አልጣለም፤ እሷንም አልጣላትም።

"ባሌ!" ብላ ጮኸች። "ባሌ ወንዝ ዳር ቀረ! ያዙልኝ! ባዶ እግሩን ነው!"

ሰዎች ዞረው አዩ። ያዩት መሪ ጫማ ያደረገች አሮጊት ነው። እንዲህ ያሉ አዛውንቶች ብዙ ነገር ይጣራሉ፤ የሞተ ወንድም፣ የጠፋ በሬ፣ በልጅነት የቀረ ጨዋታ። አንዲት ወጣት ሴት ጠጋ ብላ እጇን ዳበስ አደረገቻት።

"አብሽሪ እማማ" አለቻት። "ጫማው ቤትሽ ያደርስሻል።"

"አይደለም ልጄ! ጫማው የኔ አይደለም፣ የሱ ነው! ስሚኝ!"

"እሺ እማማ፣ እሺ። ይኸው እየወሰደሽ ነው አይደል?" አለችና በፈገግታ መንገድ ለቀቀችላት።

ነጃት የድልድዩን ብረት አንቃ ያዘች። ጫማው ቆሞ ጠበቃት። አልተጣደፈም። ከኋላዋ ያሉት አዛውንቶች ግራና ቀኝ እየተከፈሉ አለፏት። ሁለት ጎልማሶች መጥተው፣ "እማማ፣ ፀሐይ ይመታዎታል" እያሉ ጣቶቿን አንድ በአንድ ከብረቱ አላቀቁ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። እስከ ሰፈሯ መታጠፊያ ድረስ ሸኟት።

ጫማው ሳሎን አድርሶ ወንበሩ ላይ አስቀመጣትና ለቀቃት። ሙልጭ አድርጋ አውልቃ ስልኳን አነሳች።

"እማ፣ ሰላም ነሽ? አባ አሁን ቤት ገባ፤ አየሁት እኮ" አለች ሂባ።

"ሂባ፣ የገባሁት እኔ ነኝ።"

ሂባ ስልኩን ሳትዘጋ ከደሴ ተነሳች።

ነጥብ የሌለውን ሰው መፈለግ የሚያውቅ አልተገኘም። ፖሊሶቹ "መጨረሻ የታየበት ቦታ" እያሉ ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ሳሎኑ ወንበር ተመለሱ። ነጃት የራሷን ጫማ አድርጋ ወንዙን ተከትላ ወረደች፤ ንጣፉ ሲያልቅ ለንጣፍ የተሠራው ጫማዋ ስላስቸገራት አውጥታ ጣለችው። ለባሏ ያን ሁሉ ጊዜ ስትለፋ የራሷን እግር አላሰበችውም ነበር። ጠጠሩ ቆረጣት፤ ጥቂት ሄዳ ተቀመጠች፤ ተነስታ በጉልበቷም ሞከረች።

ሙባረክ ከቀትር በኋላ ተገኘ። የድሮው ክለብ ሜዳ አሁን የኮንቴነር ማከማቻ ሆኗል። ሠራተኞቹ እንደተናገሩት አንድ ሽማግሌ ጠዋት ላይ ከየት እንደመጣ ሳያዩት ገብቶ ኮንቴነሮቹን መዞር ጀመረ። መጀመሪያ ሳቁ። አንዱ አጨበጨበለት፤ ሽማግሌውም እጁን አንስቶ ምስጋና ሰጠ። ግቢው በብረት ቁርጥራጭና በተሰባበረ ጠርሙስ የተሞላ ነው። አስፋልቱ በፀሐይ ግሏል። መሬቱ ላይ የቀረውን ዱካ ሲያዩ ማሽናቸውን አጥፍተው ሮጡ፤ ሊያስቆሙት ግን እሺ አላላቸውም። "አንድ ዙር ቀርቶኛል" ይል ነበር አሉ፣ በዞረ ቁጥር።

ወፍራሙ ቆዳ ለአሸዋ እንጂ ለጠርሙስ አልተዘጋጀም። የግራ እግሩ አጥንትም ተሰንጥቋል። ነጃት የዚያን አጥንት ስም ታውቀዋለች፤ በወጣቶቹም ላይ ሲሰነጠቅ አይታለች። የሽማግሌ አጥንት ለመጠንከር ከቆዳው ይልቅ ብዙ ጊዜ እንደሚፈልግ እያወቀች፣ ባሏ ስሟን ስለጠራት ብቻ ችላ ብላዋለች።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ሂባና እናቷ ጎን ለጎን ተቀመጡ። የነጃት ሁለት እግሮች በፋሻ ተጠቅልለዋል።

"ስብሰባ ላይ ነበርኩ" አለች ሂባ ቀስ ብላ። "ስልኬን አየሁ። አባ ድልድዩ ላይ ትንሽ ቆመ። ወንዙን እያየ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ለጓደኛዬ አሳየኋት፤ አባቴ ወንዝ እያየ ነው አልኳት። አንቺ ነበርሽ። እየጮህሽ ነበር።"

"ሂባዬ…"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ታስቆሚኛለሽ ብዬ።"

"አዎ፣ አስቆምሽ ነበር" አለች ሂባ። "ግን መጀመሪያ እመጣ ነበር፣ እማ። አንድ ቀን እመጣ ነበር። እኔንም በስሜ ይጠራኝ ነበር።"

ነጃት በፋሻ የተጠቀለሉትን እግሮቿን ወደ ወንበሩ ሥር ሳበች።

ጠባቂነቱ ወደ ሂባ ዞረ። ሙባረክ ቁስሉ ከዳነ በኋላ ደሴ ካለ የአረጋውያን መኖሪያ ገባ፤ ጫማው በነጃት ጣት እንዳይፈታ ተደረገ። ሂባ ጨካኝ ሆና አይደለም። ፊርማዋን ከማኖሯ በፊት ወረቀቱን ሦስቴ ስታነበው ነጃት አይታለች፤ ከዚያም እናትና ልጅ ተቃቅፈው አለቀሱ፤ ከዚያ ወዲህም በየጊዜው ይደዋወላሉ፤ ስለ አየሩ፣ ስለ ጤና። ስለ ወንዙ አያወሩም።

መኖሪያው ውስጥ እግር የሚታጠብበት ቀን አለ። ከማል የሚባል አስታማሚ ነጃትን በዚያ ቀን እንድትመጣ ያደርጋታል፤ ጫማውን ፈትቶ የገንዳውን ሥራ ለእሷ ይተዋል። በሌላው ቀን ብትመጣ ሙባረክ በኮሪደሩ በአጠገቧ ያልፋል እንጂ አይቆምም።

አንድ የመታጠቢያ ቀን ውኃውን ለብ አድርጋ የቀኝ እግሩን አስገባች። ጠባሳዎቹን በጣቷ እየዳሰሰች በቀስታ አሸችው። ሙባረክ ቁልቁል ሲመለከታት ቆየ።

"እህቴ፣ አደከምኩዎት" አለ።

"ምንም አይደል።"

"የኮምቦልቻ ሰው ይመስላሉ። አነጋገርዎ።"

"አዎ፣ ከኮምቦልቻ ነኝ።"

"ባለቤቴ እዚያ ናት። ነጃት ትባላለች። ወጌሻ ናት፤ ያውቋት ይሆን?"

ነጃት እጇን ከውኃው ሳታወጣ "አውቃታለሁ" አለች።

ፊቱ በራ፤ መልሶም ጠየመ። ወደ እሷ ጎንበስ አለ። "ወንዙ ዳር ተቀምጣ ትጠብቀኝ ነበር። እኔ መሬቱ ደስ ብሎኝ ቀድሜያት ሄድኩ። ጠርታኝ ነበር፣ ሰምቻታለሁ። አንድ ዙር ብቻ ልጨምር ብዬ ነው። ከዚያ ወዲህ አላገኘኋትም። ብቻዋን ምን ሆና ይሆን እያልኩ…" ወደ ገንዳው ውኃ አየ። "ካገኟት፣ ሊመለስ ነበር በሉልኝ። ጥሎሽ አልሄደም በሏት።"

ነጃት የታጠበውን እግር አውጥታ ጣቶቹን አንድ በአንድ አደረቀች።

"እነግራታለሁ" አለችው፤ ፎጣውን ጉልበቷ ላይ ዘርግታም ሌላኛውን እግሩን ተቀበለች።